ዋዛ የዋዛ አይደለም

ፎቶ ላይ ቆሞ ፊት የሌለው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ልብሱ አለ፣ ቁመቱ አለ፣ ፊቱ ግን እንደ ጭስ ተበትኗል። ፎቶ አንሺዎች «ሙቭ አድርጓል» ይሉና ወደ ሌላው ያልፋሉ። ለእነሱ አንድ የተበላሸ ፎቶ ነው። ባለቤቱ ግን ሌላ ፎቶ ላይኖረው ይችላል።

ይህን የምለው ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም። አሶሳ ሄጄ በነበረ ጊዜ በእንግድነት የተቀበሉኝ አንዲት የበርታ እናት፣ ከሳጥናቸው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ፎቶ አውጥተው አሳዩኝ። የሟች እህታቸው ፎቶ ነው፤ ድግስ ላይ ሲጨፍሩ የተነሱት። ከኋላቸው ያለው የማንጎ ዛፍ ቅጠሉ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። እሳቸው ግን ብዥ ብለዋል። «ይቺ ናት እህቴ» አሉኝ። «እኔስ አውቃታለሁ ልጄ፤ የልጅ ልጆቿ ግን ምኗን ይዩ?» ምን ብዬ ልመልስ!

ለመሆኑ እንዲህ ያለ ነገር የሚመጣው ከየት ነው? ካሜራ ማለት ብርሃን እስኪበቃው ድረስ ዓይኑን የሚከፍት ሳጥን ነው። ብርሃን ከጠገበ ቶሎ ይጨፍናል፤ ካነሰው ያፈጣል። ባፈጠጠበት ጊዜ ሰው ከተነቃነቀ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1838 ፈረንሳዊው ሉዊ ዳጌር አንድ የፓሪስ ጎዳና ሲያነሳ ካሜራው ለደቂቃዎች ክፍት ነበር። መንገዱ የሚተራመስ ቢሆንም ፎቶው ላይ ጭር ብሎ ነው የሚታየው። ጎልቶ የቀረው ጫማውን ሊያስጠርግ የቆመ የሚመስል አንድ ሰው ነው። መርካቶ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ሕዝብ ጠፍቶ ሊስትሮና ደንበኛው ብቻ ይተርፉ ነበር ማለት ነው!

ዛሬ የምናወራው ስለ ደቂቃ ሳይሆን ስለ ሰከንድ ሽርፍራፊ ነው። ሂሳቡ ግን ያው ነው። በተለመደ እርምጃ የሚሄድ ሰው በሰከንድ ከ1 ሜትር ትንሽ በላይ ይራመዳል። መዝጊያው ለ1/15 ሰከንድ ከተከፈተ ሰውየው 8 ሳንቲ ሜትር ያህል አልፏል፤ የፊት ግማሽ በሉት። ለ1/250 ከሆነ ግን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው።

እናም ብዥ ያለ ፎቶ ሲገጥማችሁ መጀመሪያ ጀርባውን እዩ። ሁሉም ነገር አብሮ ከተጎተተ የእጃችሁ ጣጣ ነው። ክንዳችሁን ከጎናችሁ አጣብቁ፣ ግድግዳ ወይ ዛፍ ተደገፉ፣ ቁልፉን በቀስታ ተጫኑ። አዳዲሶቹ የኪስ ካሜራዎች ያላቸው የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያም እዚህ ላይ ይረዳል። እንደ እኚያ እናት ፎቶ ጀርባው ጥርት ብሎ ሰው ብቻ ከተበተነ ግን የተንቀሳቀሰው ሰውየው ነው። ይህን መከላከያው አያድነውም፤ ሻጩ የፈለገውን ቢላችሁ! የሚያድነው የመዝጊያው ፍጥነት ነው።

ለእኛ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የካሜራው ልኬት ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ማምጣት ይወዳል። ጠይም ወይም ጥቁር ፊት መስኮቱን ሲሞላው «ብርሃን አነሰ» ብሎ መዝጊያውን ያዘገያል። ብርሃን ማስተካከያ ካለው ወደ መቀነሻው ትንሽ ዝቅ አድርጉት፤ ፍጥነቱም ይጨምራል፣ የፊቱም ቀለም ሳይነጣ ይቀራል።

በማግስቱ ድግስ ነበርና ዋዛ ተነፋ። ለማያውቅ፣ ዋዛ የበርታ ሕዝብ ከቅል የሚሠራው ረጅም መለከት ነው። እያንዳንዱ ነፊ የራሱን ድምፅ ይዞ ተራውን ጠብቆ ይነፋል፤ ዜማው ከሁሉም ተገጣጥሞ ይወጣል። ነፊዎቹ ተገትረው አይቆሙም፤ ይራመዳሉ፣ ይወዛወዛሉ። በስሙ እንዳትሸወዱ፤ ለፎቶ አንሺ ዋዛ የዋዛ አይደለም።

እኔ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ከጥላው ወጥቼ ብርሃን ያለበትን ቦታ ያዝኩ። አይኤስኦውን ከ100 ወደ 400 ከፍ ሳደርገው 1/60 የነበረው ፍጥነት 1/250 ገደማ ሆነ። ምስሉ ትንሽ ይሻክራል። ይሻክር! ከጠፋ ፊት የሻከረ ፊት ይሻላል። ይህን መቀየር የማይቻልበት ካሜራ ከሆነ የሯጭ ምስል ያለበትን ምርጫ ውሰዱ፤ በፊልም የምትሠሩ ደግሞ ባለ 400 ፊልም ግዙ። ከጎን ወደ ጎን የሚያቋርጠውን ትቼ ወደ እኔ የሚመጣውን ጠበቅሁ፤ ወደ ካሜራው የሚመጣ ሰው ብዥታው ያንሳል። የሚዘልም ሰው ጫፍ ሲደርስ ለቅጽበት ቀጥ ይላል፤ ያኔ ነው መጫን። ቁልፉን አስቀድማችሁ በግማሽ ተጭናችሁ ፎከስ አስይዙ፤ አለበለዚያ የኪስ ካሜራ እያሰበ ሰዓቱ ያልፋል።

አሶሳ ጀንበር ከገባች በኋላ ጨለማው አያስጠብቅም። ያኔ ፍላሽ አለ። ብልጭታው እጅግ አጭር ስለሆነ እንቅስቃሴን ቀጥ ያደርጋል፤ ነገር ግን የትንሽ ካሜራ ፍላሽ ከ3 ሜትር ብዙም አይሻገርም፤ ቅረቡ። ሰውና ኮከብ የተሳለበትን የሌሊት ምርጫ ለጭፈራ አትንኩት፤ ከብልጭታው ሌላ መዝጊያው ክፍት ስለሚቆይ ሰውን መንፈስ ያስመስለዋል። የቀይ ዓይን መከላከያም አስቀድሞ ስለሚያበራ ሰው «አለቀ» ብሎ ፊቱን ያዞራል። «ዋናው ሁለተኛው ነው» ብላችሁ ቀድማችሁ ንገሩ።

በመጨረሻ፣ የካሜራዋ ትንሽ መስኮት ውሸታም ናት፤ ሁሉንም ጥርት አድርጋ ታሳያለች። ሰውየው ከመሄዱ በፊት አጉልታችሁ ዓይኑን እዩ። ብዥ ካለ «ይቅርታ፣ አንዴ ልድገምዎት» ለማለት አትፈሩ። ማንም አይቆጣም። በስልክ ለምታነሱትም ሕጉ ይኸው ነው። የአያቶቻችሁን ፎቶ እስከ ዛሬ ያላነሳችሁ ካላችሁ ደግሞ በዚህ ሳምንት ሂዱ፤ ደጃፍ ላይ በቀን ብርሃን አስቀምጧቸውና አንሷቸው።