ዓይን ወደ ሄደበት ሞተሩም ይሄዳል

"ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም" ይላል የአገር ቤት ሰው። በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከጆርጂያ አቬኑ ብዙም ሳይርቅ የሚኖር አንድ ወገን ይህን ተረት ከልጅነቱ ጀምሮ እየሰማ ቢያድግም፣ ትርጉሙ በቅጡ የገባው ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በሰው አገር፣ ከ300 ኪሎ በላይ በሚመዝን ሞተር ሳይክል ላይ ተቀምጦ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውየው ሃያ ዓመት ሙሉ ታክሲ ነድቷል። ልጆች አሳድጓል፤ አገር ቤት ያሉ እናቱን ጦሯል፤ ሁለት እህቶቹን አስተምሯል። በየዓመቱ በግንቦት ወር፣ በጦርነት የወደቁ የአሜሪካ ወታደሮች በሚታሰቡበት በዓል ሰሞን፣ "ሮሊንግ ተንደር" የሚባሉት ሞተረኞች ከፔንታጎን የመኪና ማቆሚያ ተነስተው ወደ ቬትናም መታሰቢያ ሲተሙ፣ መንገድ ተዘግቶበት ታክሲው ውስጥ ሆኖ ያያቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 የተጀመረው ይህ ጉዞ በዚያ ስም እስከ 2019 ዘልቆ ከዚያ ወዲህ በሌላ ስም ቀጥሏል። ሌላው ባለታክሲ ገበያዬ ተበላሸ እያለ ሲራገም፣ እሱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ የሞተሮቹን ድምፅ ያዳምጥ ነበር። "አንድ ቀን" ይል ነበር ለራሱ።

ያ ቀን የመጣው የመጨረሻ ልጁ ኮሌጅ ሲገባ ነው። ያጠራቀማትን ይዞ አንድ ያገለገለ ክሩዘር ገዛ። ክሩዘር ማለት ያ ረጅሙ፣ ዝቅ ያለው፣ እግርን ወደፊት ዘርግተው እንደ ሶፋ ተደላድለው የሚነዱት ከባዱ ሞተር ነው። ባለቤቱ በር ላይ ቆሞ ስታየው ለጊዜው ቃል አልወጣትም። በኋላ ግን፣ "አንተ ሰው፣ ስንት ሰው ባንተ ላይ እንደተንጠለጠለ ረሳኸው? ሬሳ ለመላክ በየሳምንቱ የምናዋጣው አንሶ ነው?" አለችው። እሱም "ሃያ ዓመት ስነዳ አንድ ቀን ተጋጭቻለሁ?" ሲል መለሰላት። እውነቱን ነው፤ አልተጋጨም። ይሁን እንጂ አራት ጎማና ሁለት ጎማ አንድ አይደሉም።

አንድ ሐሙስ ምሽት በስላይጎ ክሪክ ፓርክዌይ ሲነዳ፣ ያን ወንዙን ተከትሎ የሚጠማዘዘውን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቀው ዓይነት ኩርባ ገጠመው። በፍጥነት ገባበት። መሀል ላይ ሲደርስ ኩርባው እየጠበበ የሚሄድ መሰለው። ደነገጠ። ዓይኑ ከመንገዱ ማዶ በቆመ ትልቅ ዛፍ ላይ ተተከለ። ነዳጁን በአንድ ጊዜ ለቀቀ፤ ፍሬን ጨበጠ። የእግር ማሳረፊያው አስፋልቱን ፍቆ ብልጭታ ረጨ፤ ሞተሩም ቀጥ ብሎ ተቃራኒውን መስመር አቋርጦ ሣር ላይ ወጣ። ከፊት የምትመጣ መኪና ጥሩምባዋን እያንባረቀች ለጥቂት አለፈችው። ከኋላ ወንበሯ ላይ ሁለት ሕፃናት ታስረው ተቀምጠዋል። እሱ አንዳች አልሆነም። እነዚያን ሕፃናት ግን ከዓይኑ ሊያጠፋቸው አልቻለም።

የአሌክሳንድሪያው ጋሼ

ለባለቤቱ አልነገራትም። በነጋታው ሞተሩን በጓደኛው ፒካፕ አስጭኖ በቤልትዌይ ዞሮ፣ የውድሮው ዊልሰንን ድልድይ ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ ገባ። እዚያ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ ሞተረኛ ፖሊስ የነበሩ፣ አሁን ጡረታ ወጥተው በጋራዣቸው ሞተር የሚጠጋግኑ አንድ አዛውንት አሉ።

"ጋሼ፣ ይሄ ሞተር ሊገድለኝ ነበር" አላቸው።

አዛውንቱ ዙሪያውን ዞረው አዩት። የጎማዎቹን አየር ለኩ፤ ጎድሏል። የፊቱን ጎማ ከመሬት አስነስተው መሪውን ወዲያ ወዲህ አሉት፤ ኩሽኔታው ላልቷል። ከኋላ ተቀምጠው ሞላውን ተጫኑት፤ በጣም ለስልሷል። ከዚያ ቀና ብለው፣ "ሞተሩም ጥፋት አለበት፤ የበለጠው ግን ያንተ ነው። ከመንገድ ያወጣህ ዓይንህ ነው፣ ልጄ" አሉት።

መጀመሪያ ብረቱን አስተካከሉ። ጎማ አየሩ ሲጎድል ጎኑ ይልፈሰፈሳል፤ ሞተሩም ለመታጠፍ ይለግማል። አየሩ የሚለካው ከመነዳቱ በፊት ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ፋራናይት በቀነሰ ቁጥር አንድ ነጥብ ያህል ይወርዳልና፣ በነሐሴ የተሞላ ጎማ ለኅዳር አይሆንም። ክሩዘር ሲሠራ ጀምሮ ለመሬት ቅርብ ነው፤ የኋላ ሞላው ሲለሰልስ ደግሞ ይበልጥ ይዘቅጥና ገና ትንሽ ዘንበል ሲል ብረቱ መሬት ይነካል። ሞላው ለሰውየው ክብደት ተጠበቀ፤ የመሪው ኩሽኔታም ተጠበቀ። ይህ ሁሉ ብዙ ወጪ አልጠየቀም።

"አሁን ቀሪው አንተ ነህ" አሉት።

ባዶው የመኪና ማቆሚያ

እሑድ ጠዋት ባዶ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ትምህርቱ ተጀመረ። አዛውንቱ ያሮጌ ቴኒስ ኳሶችን ለሁለት ቆርጠው መሬት ላይ ደረደሩ።

"አባይ በረሃን የሚወርድ የኤንትሬ ሹፌር ማርሹን የሚቀንሰው መቼ ነው? ቁልቁለቱ መሀል ነው?" ብለው ጠየቁት።

"ኧረ ሳይጀምር ነው፣ ጋሼ።"

"ኩርባም እንዲሁ ነው። ፍጥነትህን ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ጨርስ።"

ቀጥለው ሒሳቡን በወረቀት አሳዩት። መሀሉ ድረስ 50 ሜትር በሆነ ኩርባ ላይ በሰዓት በ20 ማይል የሚሄድ ሞተር 9 ዲግሪ ያህል ማዘንበል ይበቃዋል። በ30 ማይል 20 ዲግሪ ይፈልጋል። በ40 ማይል ግን 33 ዲግሪ። ብዙ ክሩዘሮች ደግሞ 30 ዲግሪ ገደማ ላይ ብረታቸው መሬት መፋቅ ይጀምራል። ከ30 ወደ 40 ፍጥነቱ የጨመረው በሲሶ ነው፤ ሞተሩን ኩርባው ላይ ለመያዝ የሚያስፈልገው ኃይል ግን ወደ እጥፍ ይጠጋል። ሰውየው "አሥር ማይል ምን አላት" ያላት አሥር ማይል ይህችው ነበረች።

ሁለተኛው ትምህርት ብዙ ባለመኪናን ግራ የሚያጋባው ነው። ሞተሩ ከሶምሶማ ሩጫ ፈጠን ካለ በኋላ ወደ ግራ ለመታጠፍ የግራውን እጀታ ወደፊት መግፋት ነው፤ ወደ ቀኝ ለመታጠፍ የቀኙን። የፊት ጎማው ለቅጽበት ወደ ተቃራኒው ይዞርና ሞተሩ ወደሚፈለገው ጎን ይጋደማል። ከባድ ሞተርን በወገብ ጥንካሬ አጋድማለሁ ብሎ መታገል ከንቱ ድካም ነው። ትከሻን ወደ ኩርባው ውስጥ ትንሽ ማስገባት ግን ይረዳል፤ ሰውየው በተጋደመ መጠን ሞተሩ ቀና ይላል፤ ብረቱም ከመሬት ይርቃል።

ሦስተኛው የእጅ ነገር ነው። ኩርባው ውስጥ ነዳጁ በስሱ፣ ሳይቋረጥ ይሰጣል። ድንገት ከተለቀቀ ሞተሩ ወደፊት ይደፋና ከመሬት ያለው ክፍተት ይጠባል። ፍሬንን በተመለከተ አዛውንቱ እንዲህ አሉት፦ "የጎማ ጉልበት እንደ ደሞዝ ነው። ለቤት ኪራይ የከፈልከውን መልሰህ ለመብራት አትከፍለውም። ለመታጠፍ ያወጣኸውን ለፍሬን አታገኘውም። የግድ መቆም ካለብህ መጀመሪያ ሞተሩን አቅና።"

አራተኛውና ዋናው ዓይን ነው። "የት አየህ?" ይሉታል በየዙሩ። "ኳሷን፣ ጋሼ።" "ለዚህ ነዋ የረገጥካት! መውጫውን እይ። አገጭህን ወደምትሄድበት አዙር።" ከመስመሩ ውጫዊ ጠርዝ ገብቶ፣ የኩርባው መውጫ እስኪታየው ድረስ ወደ ውስጥ አለመቸኮልን አስተማሩት። ቀስ ብሎ ለመዞር ደግሞ ፍሪሲዮኑን በከፊል ይዞ፣ የኋላ ፍሬኑን በስሱ ረግጦ፣ የፊት ፍሬኑን ጨርሶ ሳይነካ። በመጀመሪያው እሑድ ሁለት ጊዜ ወደቀ። በአራተኛው እሑድ በሁለት መኪና ማቆሚያ ስፋት ውስጥ ዞረ።

ሲሮጡ የታጠቁት

ውድ አንባቢያን፣ ይህ የአንድ ሰው ታሪክ ብቻ አይደለም። የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ሃሪ ኸርት እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ጥናት በሎስ አንጀለስ 900 የሞተር አደጋዎችን ከቦታው ተገኝቶ መርምሯል። አደጋ ከደረሰባቸው ሞተረኞች 92 በመቶ የሚሆኑት በራሳቸው ወይም ከዘመድና ከጓደኛ የተማሩ ነበሩ። ሌላ መኪና በሌለበት ከደረሱት አደጋዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የነጂው ስህተት ነበሩ፤ ወይ ፍሬን አብዝቶ መንሸራተት፣ ወይ ኩርባ ላይ በፍጥነት ገብቶ ከመስመር መውጣት። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ማለት ይኸው ነው።

በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ ማሠልጠኛዎች አሉ፤ ቀላል ሞተር የሚያቀርቡና በሁለትና በሦስት ቀን መሠረቱን የሚያስጨብጡ። ትምህርቱን ያጠናቀቀ ሰው ከመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ የመንዳት ፈተና ነፃ ይሆናል። ሄልሜትም በሁለቱም ስቴቶች ሆነ በዋሽንግተን ግዴታ ነው። የኮርሱ ዋጋ አንድ ሰው ሲሞት ከሚዋጣው ጋር አይወዳደርም።

ሰውየው በመጨረሻ ለባለቤቱ ሁሉን ነገራት። ሕፃናቱንም ሳይደብቅ። ሦስት ቀን አላናገረችውም። በአራተኛው ቀን፣ "ልጅህ አባዬ ከኋላ አፈናጥጠኝ እያለ ነው። ምን ልትለው ነው?" አለችው። እሱም አልመለሰላትም። ልጁን ከማፈናጠጥ ይልቅ ኮርስ አስመዘገበው፤ ራሱም አፍረት ሳይዘው ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጆች ጎን አብሮ ተመዘገበ።

ከዚያ በኋላ አንድ ሐሙስ ምሽት ወደዚያው ኩርባ ተመለሰ። ከኩርባው በፊት ፍጥነቱን ቀነሰ፤ አገጩን ወደ መውጫው አዞረ፤ የግራውን እጀታ በስሱ ገፋ። ሞተሩ እንደ ገራም በቅሎ ዞረ። ዛፉን ያለፈው ሳያየው ነው።