በጨው ገበያ የበሰበሰ ሌጦ

የዋግ ኽምራዋ ሰቆጣ የጨው ገበያ ነበረች። ከአፋር ምድር የተቆረጠው አሞሌ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ደጋውን ወጥቶ ሰቆጣ ይራገፍ፣ ከዚያም ወደ ላስታና ወደ መሐል አገር ይሻገር ነበር። ሌጦም ለመቆየት የሚፈልገው ጨው ነው። ፍየሏ በተገፈፈች በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጨው ከተነሰነሰበት ብዙ ይከርማል። ካልተነሰነሰበት ይሸታል፤ ጠጉሩ ይረግፋል፤ ያበቃለታል። ጨው ነበረን። ፍየል ነበረን። በግ ነበረን። አዋጅም ነበረን። ታዲያ ሌጦው ለምን በእጃችን ላይ በሰበሰ?

በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 567 ጥሬና በከፊል የተዘጋጀ ቆዳና ሌጦ ወደ ውጭ በሚላክበት ጊዜ 150 በመቶ ታክስ እንዲከፈልበት አዘዘ። የታሰበው ግምጃ ቤት ለመሙላት አልነበረም። ያን ያህል ከፍሎ ማን ይልካል? የታሰበው ሌጦው እዚሁ እንዲለፋ፣ እዚሁ ጫማና ጓንት እንዲሆን፣ የሥራው ዋጋ ለእኛ ልጆች እንዲቀር ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ክረስት የሚባለው፣ የመጨረሻው ማሳመር ብቻ የቀረው ቆዳም በዚሁ ታክስ ሥር ገባ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ህንድ እ.ኤ.አ. በ1973 ጥሬ ቆዳ ከአገሯ እንዳይወጣ ከለከለች። ከልክላ ግን አልተቀመጠችም። ፋብሪካ ተከለች፤ ባለሙያ አሠለጠነች፤ ዛሬ ጫማዋን ለዓለም ትሸጣለች። እኛን ምን ያዘን?

እኛ ከለከልንና ሥራው ያለቀ መሰለን። ታክሱ የሰጠን ጊዜ ነበር፤ ሙያ አልሰጠንም፤ ሊሰጥም አይችልም። እከክ የፍየሉን ቆዳ በቁሙ ሲበላው መድኃኒቱን እስከ ዝቋላና እስከ አበርገሌ ቆላ በበቂ አደረስን? ሌጦው በቢላ እንዳይበሳ የአገፋፈፍ ሙያ ለየቀበሌው አስተማርን? በአምደወርቅና በአስከተማ ገበያ ሌጦን በደረጃ የሚለይ፣ ለጥሩው ጥሩ የሚከፍል ሰብሳቢ አቆምን? ይህ ሁሉ የተራቀቀ ጥበብ አልነበረም። ጨው፣ ስለታም ቢላ፣ መጋዘንና ትጋት ነበር የሚፈልገው።

ዋጋውን ማን ከፈለ? በሕግ ግብር ከፋዩ ላኪው ነበር። በእውነት የከፈለው የአበርገሌ ፍየል አርቢ ነው። የውጭ ገዢ ሲቀር የቀረው ገዢ የአገር ውስጥ ፋብሪካ ብቻ ሆነ። ፋብሪካው ለኬሚካል የውጭ ምንዛሪ ሲያጣ፣ ለመግዣ ብር ሲያጥረው፣ ሰብሳቢውን መለሰ። ሰብሳቢው ነጋዴውን መለሰ። ነጋዴው ገበሬውን መለሰ። ገበሬውስ ማንን ይመልስ? ደረሰኝ ሳይቆረጥለት ከፈለ። ዓመት በመጣ ቁጥር ከፈለ። ዋጋ ለሌለው ሌጦስ ማን ይጠነቀቃል? ስለዚህ አልተጠነቀቀም። ፋብሪካውም ጥራት የለም ብሎ አማረረ። ጥራቱን የገደልነው እኛው ነን!

በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከቆዳና ከቆዳ ውጤቶች በ2007 ዓ.ም. ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር እናገኛለን ብለን ነበር። 130 ሚሊዮን ገደማ ላይ ቀረን። ከዚያም ይባስ ብሎ በበዓል ማግሥት ሌጦ በአዲስ አበባ ጎዳና ዳር ተጥሎ አየን። የወሎ ደጋ ፍየል ሌጦ እኮ በዓለም ገበያ «ባቲ» ተብሎ በስሙ የሚጠራ፣ የጫማ ሠሪ የሚመርጠው ሌጦ ነው! ስንቱ አገር ነው ለዕቃው እንዲህ ያለ ስም ለማግኘት ዕድሜውን የሚጨርሰው? እኛ ስሙ ተሰጥቶን ዕቃውን ጣልነው።

ታክስ ይከለክላል፤ ይጠራልም። በ2005 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 270 በሩቅ አካባቢዎች ለሚሠራ ባለሀብት ተጨማሪ ማበረታቻ ሰጠ፤ ከገቢ ግብር ነጻ የሚሆንበት ዘመን ካለቀ በኋላ ለ3 ተከታታይ ዓመታት የ30 በመቶ ቅናሽ። ጋምቤላ ተጻፈ። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ተጻፈ። አፋርና ሶማሌ፣ ቦረናና ጉጂ፣ ደቡብ ኦሞ ተጻፉ። ይገባቸዋል። ዋግ ኽምራ ግን አልተጻፈም። ዋግ ቅርብ ነው? ዋግ ሀብታም ነው? ያ ደንብ ሲረቀቅ እኛ የት ነበርን? በምክር ቤት የተቀመጥነውስ? በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ያለነው የዋግ ልጆችስ? የ30 በመቶ ቅናሽ ብቻውን ቆዳ ፋብሪካ አያመጣም ይባል ይሆናል። ይሁን። ቄራስ? የጨው መጋዘንስ? አንድ የጓንት መስፊያስ?

ሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት የገባው ቃል በሰቆጣ ስም ተጠራ። ቃሉ መልካም ነው። ግን ስማችን በልጆቻችን ጉስቁልና ታወቀ። የልጁን ወተትና እንቁላል ሊገዛ የሚችል ገንዘብ እኮ በየጓሮው ተጥሎ ውሻ ሲጎትተው ነበር!

አሁን የሰሜኑን ጦርነት እንጠቅሳለን። ድርቁን እንጠቅሳለን። እውነት ነው፤ ጦርነቱ ሰቆጣ ድረስ ገብቷል፤ በ2015 ዓ.ም. የጀመረው ድርቅ በዝቋላ፣ በአበርገሌና በሰሃላ እንስሳቱን ፈጅቷል። ነገር ግን ከአዋጁ እስከ ጦርነቱ 13 ዓመት ነበረ። 13 ዓመት! ያን ጊዜ መንገዱ ክፍት ነበር። ፍየሉ ተሰማርቶ ነበር። ለዚያ ዘመን በማን እናሳብባለን?

ዛሬም የግብር ማሻሻያው ቀጥሏል። በ2016 የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ተለወጠ፤ በ2017 የገቢ ግብር አዋጁ ተሻሻለ። ዛሬም ወሬያችን ስንት ይሰበሰባል ነው። ግብሩ የማንን ምርት ያሳድጋል፣ የማንንስ ዋጋ ይሰብራል ብሎ ሰቆጣ ገበያ ወርዶ የሚጠይቅ ማን ነው? የሚቀጥለው አዋጅም ያለ ዋግ አርቢ ድምፅ ከጸደቀ፣ ጥፋቱ የእኛው ነው። ያኔ ደግሞ አላወቅንም ማለት እንኳ አንችልም።