ዓለምን ያየው ልጅ

አባቶቻችን «እንግዳ ፊት ወርቅ፣ ኋላ ብር፣ ሰንብቶ ጨርቅ» ይላሉ። ተረቱ ለአትላንታ ባይተረትም እዚህም ይሠራል። ከአገር ቤት አዲስ ተማሪ ሲመጣ የመጀመሪያውን ሳምንት እንዴት እንደምናሳልፈው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ በሦስት መኪና ሄደን እንቀበለዋለን። ዶሮ ይሠራል፣ ቡና ይፈላል። በማግሥቱ የዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግን መቃብር፣ ከዚያ የኮካ ኮላን ሙዚየም፣ ከዚያም ዓሣ ነባሪ የሚያህሉ ዓሦች የሚዋኙበትን ትልቁን አኳሪየም እናሳየዋለን። ቅዳሜ ሲደርስ ደግሞ አራት ሰዓት ነድተን፣ ሳቫና ከተማ አጠገብ ወዳለችው ወደ ታይቢ ደሴት እንወስደዋለን። ባሕር አይቶ አያውቅማ! አገራችን የባሕር በር ካጣችበት ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የተወለደ ልጅ ባሕርን የሚያውቀው በካርታና በፊልም ነው። ሱሪውን ጠቅልሎ ውኃው ውስጥ ይቆማል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ፎቶግራፉም በዚያው ሌሊት እናቱ ዘንድ ይደርሳል። እናትም አይታ «ተመስገን፣ ልጄን ደላው» ብላ ትተኛለች።

ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለ እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ ነው። ይኸኛው ግን የተነሣው ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት፣ በእንግሊዝ አገር ባሕር ዳር ሲሆን፣ የተነሣውም የሰባት ዓመት ኢትዮጵያዊ ሕፃን ነው።

ታክሲ መንዳት ከመጀመሬ በፊት ደሴ ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምር ነበር። የመቅደላን ትምህርት የምንጨርሰው አፄ ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን ጠጥተው ሲወድቁ ነው፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች አቆጣጠር አፕሪል 13 ቀን 1868። ክፍሉ ጸጥ ይላል፣ ደወሉ ይደወላል፣ ያበቃል። አንድ ዓመት ግን ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ልጃቸውስ?» ብላ ጠየቀች። ያን ጊዜ በአገሩ የነበረው መልስ አጭር ነው፤ እንግሊዞች ወሰዱት፣ እዚያው ሞተ። ሙሉ ታሪኩን ያነበብሁት እዚህ ከመጣሁ በኋላ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ተራ ስጠብቅ ነው። ታክሲ የሚነዳ ሰው ለንባብ የሚሆን ጊዜ እንደማያጣ የሙያ ጓደኞቼ ይመሰክራሉ።

የልጁ ስም ዓለማየሁ ነው። ዓለም በእኛ አነጋገር ደስታም ማለት ነውና እንዲህ ያለ ስም የሚወጣው ቤት ደስ ሲለው ነው። አባቱ መቅደላ ላይ ሲወድቁ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ከልጃቸው ጋር ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕሩ ተጓዙ፤ ግን ወር ያህል እንደ ቆዩ ትግራይ ላይ ዐረፉ፣ ጨለቆትም ተቀበሩ። በአንድ ወር ውስጥ አባትም እናትም አጣ። ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ መርከብ ሲሳፈር ጠባቂው አንድ ፈረንጅ ነበር፤ ካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ። ቁመቱ ሁለት ሜትር የሚጠጋ፣ ቀደም ብሎ በአፄ ቴዎድሮስ ዘንድ ያገለገለ፣ አማርኛ የሚናገር፣ አገሬው ባሻ ፈለቀ ብሎ የሚጠራው ሰው ነበር። ልጁ ሌሊት እየባነነ ስለሚፈራ ከእሱ ተለይቶ አይተኛም ነበር።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 1868 ፕሊመዝ ወደብ ደረሱ። ከዚያም አይል ኦፍ ዋይት ወደምትባለው ደሴት ሄዱ። ደሴቲቱ በደቡብ እንግሊዝ ጠረፍ ፊት ለፊት ያለች፣ ከዋናው ምድር በጠባብ ባሕር የተለየች ናት። በምዕራብ ጫፏ ያሉት ገደሎች ነጭ ጠመኔ ናቸው፤ አስተማሪ በሰሌዳ ላይ የሚጽፍበት ያ ጠመኔ ተራራ ሆኖ ከባሕር ሲወጣ አስቡት። ንግሥት ቪክቶሪያ ኦስቦርን የሚባለው ቤታቸው በዚያች ደሴት ስለ ነበር ልጁን አስቀርበው አዩት፤ ወደዱትም። ፍሬሽዋተር በሚባለው መንደር ደግሞ ታላቁ ባለ ቅኔ ቴኒሰን ይኖር ነበር፤ ጎረቤቱም ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ ነበረች። ዓለማየሁንና ስፒዲን ያነሣቻቸው እሷ ናት። ስፒዲ የሐበሻ ልብስ ለብሷል፤ ልጁ አብሮት አለ። ፎቶግራፎቹ ዛሬም ይገኛሉ።

ልጁ በፎቶግራፉ ላይ አይስቅም። ከዚህ ተነሥቼ ግን ብዙ ልናገር አልፈልግም። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ መነሣት ለብዙ ሰኮንዶች፣ አንዳንዴም ለደቂቃዎች ሳይነቃነቁ መቀመጥን ይጠይቅ ስለ ነበር የሚስቅ ሰው ብርቅ ነው። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። ያ የባሕር ዳር ሰሞን፣ ሐዘኑ ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ ከኋለኛው ኑሮው ጋር ሲተያይ የተሻለው ጊዜ ነበር። ያየውን ሁሉ «ምንድን ነው?» ብሎ በአማርኛ የሚጠይቀው፣ በአማርኛም የሚመልስለት ሰው አጠገቡ ነበረ።

እዚህ ላይ ታሪኩን ላፍታ ላቋርጥና ወደ አትላንታ ልመለስ።

ባለፈው ዓመት አንድ ምሽት ከአውሮፕላን ማረፊያ አንድ ልጅ ጫንሁ። ሁለት ሻንጣ ይዟል፤ አንደኛው በርበሬ በርበሬ ይሸታል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ሩብ ሰዓት ያህል በመስኮት ሲመለከት ቆየና «ጋሼ፣ እዚህ አገር ሰው የለም እንዴ?» አለኝ። «አለ፣ መኪና ውስጥ ነው» አልሁት። ሳቅን። ስንለያይ ስልኬን ሰጠሁት፤ እንደ ወጉ ነው፣ ይደውላል ብዬም አልጠበቅሁ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ማታ ደወለ። መኪና ፈልጎ መስሎኝ «የት ልምጣልህ?» አልሁት። «ኧረ የትም አልሄድም ጋሼ፣ ዝም ብዬ ነው። አማርኛ ማውራት አምሮኝ ነው» አለኝ። ታይቢ ሄዶ እንደ ሆነ ጠየቅሁት። «አዎን፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች በመጀመሪያው ቅዳሜ ወስደውኛል። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ በጣም ደስ ይላል።» «ከዚያ ወዲህስ?» አልሁት። ጥቂት ዝም አለና «ከዚያ ወዲህማ ሁሉም ሥራ ላይ ናቸው» አለ። በድምፁ ቅሬታ አልነበረም። እናቱ ግን በዚያች ሰዓት የባሕሩን ፎቶግራፍ ለጎረቤት እያሳየች ይሆናል።

ወደ ዓለማየሁ ልመለስ። ስፒዲ በዚያው ዓመት መጨረሻ አገባና ለሥራ ወደ ሕንድ፣ ኋላም ፔናንግ ወደምትባለው የእስያ ደሴት ሄደ፤ ልጁንም ይዞት ሄደ። ዓለማየሁ አባት ባያገኝም ቤት አግኝቶ ነበር። ኋላ ግን በለንደን ያሉ ባለሥልጣናት ልጁ በወጉ መማር አለበትና ወደ እንግሊዝ ይመለስ ብለው ወሰኑ። ንግሥቲቱ ከስፒዲ እንዲለይ አይፈልጉም ነበር፤ ቢሆንም የመንግሥት ሐሳብ በለጠ። በአሥር ዓመቱ ገደማ ከሚያውቀው ሰው ተለየ። በመጀመሪያ ቸልተናም፣ ቀጥሎ ራግቢ ትምህርት ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ1878 ደግሞ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ። ጓደኞቹ ይወዱት ነበር፣ ኳስም ይወድ ነበር፤ ትምህርቱ ግን አልሆነለትም። በመጨረሻ ወደ ሊድዝ ከተማ ሄደ፤ እዚያም በሳንባ ሕመም ታሞ ኖቬምበር 14 ቀን 1879 በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሞተ። ንግሥቲቱ በዕለት ማስታወሻቸው ላይ፣ ዘመድ አዝማድ በሌለበት በባዕድ አገር ብቻውን መሞቱን፣ ሕይወቱም የደስታ እንዳልነበረና በመልኩ ምክንያት ሰው የሚያፈጥበት እየመሰለው ይሳቀቅ እንደ ነበር ጽፈዋል። ዊንድዘር በሚገኘው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን እንዲቀበር ያደረጉትም እሳቸው ናቸው። አፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ እ.ኤ.አ. በ2007 ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ጠይቀው ነበር፤ በ2023 ግን ቤተ መንግሥቱ የሌሎችን ሙታን ዕረፍት ሳያውኩ ማውጣት አይቻልም ሲል መለሰ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ዓለማየሁን ማንም አልራበውም፣ አላሳረዘውም። ንግሥት ወድደውታል፣ በእንግሊዝ አገር የታወቁ ትምህርት ቤቶች ተቀብለውታል። የተወሰደበት አንድ ነገር ነው፤ በቋንቋው የሚያናግረውና ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ የሚያውቀው ሰው። የተወሰደበትም «ለትምህርቱ ሲባል» ነው።

ከመቅደላ በዚያው ዓመት ሌላም ሕፃን ወጥቷል። ኋላ ሐኪም ወርቅነህ፣ አዛዥ ወርቅነህ እሸቴ የተባሉት ናቸው። አንድ የእንግሊዝ መኮንን ገና በሕፃንነታቸው አግኝቷቸው ወደ ሕንድ ወሰዳቸው፤ ቻርልስ ማርቲን ተብለው አደጉ፣ ሐኪምም ሆኑ። አማርኛውን ፈጽመው ረስተውታል። ከአድዋ ድል በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ አያታቸው ከሰውነታቸው ላይ ባለ ጠባሳ ለዩአቸው። በዚያች ጠባሳ ዘመድ አገኙ፣ ቋንቋውን እንደ ገና ተማሩ፣ በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ሆነው አገራቸውን አገለገሉ፤ ጣሊያን በወረረን ጊዜ ለንደን ላይ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው የተሟገቱት እሳቸው ናቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጤ አንዱ ጎበዝ፣ አንዱ ሰነፍ ነበር ለማለት አይደለም። ለአንደኛው ጠባሳውን የምታውቅ ሴት በሕይወት ቆየችለት። ለሌላው ግን አጠገቡ የሚያውቀው ሰው አልነበረም።

አሁን «ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? ሁለት ሥራ እየሠራን፣ ልጆቻችንን እንኳ በወጉ ሳናይ» እንደምትሉ አውቃለሁ። እውነት ነው። በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት መሪ ላይ የምውል ሰው ነኝና ምክንያቱ አይጠፋኝም። ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ታይቢ ደርሶ መልስ ከአምስት መቶ ማይል በላይ ነው፤ ቤንዚኑ አለ፣ ምሳው አለ፣ ሙሉ ቅዳሜው አለ። ረቡዕ ማታ ለአሥር ደቂቃ ስልክ መደወል ግን ምንም አያስወጣም። ወጪው የሚከብደን አይመስለኝም። የከበደን፣ ከፎቶግራፉ በኋላ ልጁ «ለምዷል» ብለን ማሰባችን ነው። አስተማሪ የነበረ ሰው እንደሚያውቀው በመጀመሪያው ሳምንት የሚያለቅስ ተማሪ ብዙ አያሠጋም፤ በሁለተኛው ወር ድምፁ የሚጠፋው ነው የሚያሠጋው።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ቤቶች ከአገር ቤት የመጣችውን የእኅት ወይም የወንድም ልጅ «እንግሊዝኛው ቶሎ እንዲገባት» ብለው ቤት ውስጥ አማርኛ ይከለክሏታል። ሐሳባቸው በጎ ነው። የለንደን ባለሥልጣናትም ሐሳባቸው በጎ ነበር። እንግሊዝኛውን ትምህርት ቤቱም፣ ሥራ ቦታውም፣ ቴሌቪዥኑም ያስተምራታል፤ ማንም ሊያስቀረው አይችልም። ማታ ገብታ ቀኑ እንዴት እንዳዋላት የምትናገርበትን ቋንቋ ግን ከእኛ በቀር የሚጠብቅላት የለም።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። በየዓመቱ በኦገስት ወር፣ ትምህርት ሲከፈት፣ የሚመጡትን ተማሪዎች ማኅበሩም ሆነ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ በስማቸው ይመዝግብ። ለእያንዳንዱም አንድ ቤት ይሰጠው፤ ለአንድ ሳምንት ሳይሆን ለአንድ ዓመት። ቤቱ ሊያኖረው ወይም ሊከፍልለት አይገደድም። በሳምንት አንድ ጊዜ ይደውልለት፤ በወር አንድ እሑድ ምሳ ይጥራው፤ ካልመጣ ሄዶ በሩን ያንኳኳ። ሲደውልም «ትምህርት እንዴት ነው?» ብሎ አይጀምር፤ ለዚያ ጥያቄ ሁሉም «ጥሩ ነው» ነው የሚለው። «ምን በላህ?» ይበለው። ከዚያ በኋላ ወሬው ራሱ መንገድ ያገኛል።

ወደ ታይቢም እንውሰዳቸው፤ ባሕር ማየት ደግ ነገር ነው። የእኔው ደዋይ አሁንም አብዛኛውን ረቡዕ ይደውላል። ባለፈው ጊዜ ሽሮውን አሳርሮ ስለ ነበር ግማሹን ሰዓት ያወራነው ስለ ድስት ነው። እናንተም የምታውቁት ተማሪ ካለ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ደውሉለት።

ቸር ይግጠመን።