በጎዳና ላይ ስለሚደረግ የመኪና እሽቅድምድም

ልጁ በጎዳና ላይ በመኪና ሲሽቀዳደም ሰው የገደለበት አንድ አባት፥ ፍርዱ ሲነበብ ሲያለቅስ በፍርድ ቤት ጸሐፊነቴ አይቻለሁ። ዛሬ የራሴ ልጅ የመኪናዬን ቁልፍ ሲለምነኝ ያ አባት ይታሰበኛል።

በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ ከተማ፥ በሌሊት የሚሽቀዳደሙትን ጎበዛዝት ፖሊሶች ማሳደዳቸውና መቅጣታቸው ብቻውን አልበቃም። ቢግ ዊሊ ሮቢንሰን የተባለ ሰው ከፖሊሶች ጋር ተባብሮ፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1974 ዓመት በተርሚናል ደሴት የተፈቀደ የመወዳደሪያ ስፍራ አስከፈተ፤ ስፍራውም እየተዘጋና እየተከፈተ እስከ 1995 ቆየ።

አባቶቻችንም ጉግስን በሜዳ እንጂ በገበያ መካከል አይጫወቱም ነበር። ስለዚህ ልጄን ቁልፉን በመከልከል ብቻ አልተውሁትም፤ ፍጥነት የሚፈቀድበት ስፍራ እስኪገኝ ድረስ ከጎኑ ተቀምጬ በዝግታ እንዲነዳ አደርገዋለሁ። እንደዚያ ያለ ፍርድ ሁለተኛ እንዳልጽፍ እግዚአብሔር ይርዳኝ።