ስድስት አገር፣ አንድ ማዕድ

ስለ ዱባይ ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ወርቁ፣ ሰማይ ጠቀስ ፎቁና የሻንጣው ክብደት ነው። ለንግድ የሄደ አለ፤ ለሥራ የሄደ አለ፤ ወደ ሌላ አገር ሲያልፍ አንድ ሌሊት ያደረም አለ። ዛሬ ግን ወደ ገበያው ሳይሆን ወደ ማዕዱ ልንወስዳችሁ ወደናል። በአንድ ጣሪያ ሥር የብዙ አገር ሰው ተቀምጦ የሚበላበትን ስፍራ እየዞርን እናያለን። እግረ መንገዳችንንም ለባልና ሚስትም ለጉባኤም የሚሆን አንድ ጥያቄ እናነሳለን፦ አብረን መብላት እየወደድን አንድ ዓይነት ምግብ መብላት ካልቻልን ምን እናድርግ?

በመንገደኛ ስም የተጠራ ሞል

ስፍራው ኢብን ባቱታ ሞል ይባላል። ከዱባይ መሐል ወጣ ብሎ በጀበል አሊ አካባቢ ይገኛል። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። የሜትሮው ቀይ መስመር በሞሉ ስም የተጠራ ጣቢያ ስላለው ከዴራም ሆነ ከቡር ዱባይ የሚነሳ ሰው ያለ ታክሲ ይደርስበታል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ ከ2021 ወዲህ መስመሩ ከኢብን ባቱታ በፊት ባለው ጣቢያ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ ወደ ኤክስፖ የሚሄደው ባቡር በኢብን ባቱታ አያልፍም። ስለዚህ ከመሳፈራችሁ በፊት የባቡሩን መድረሻ አንብቡ።

ኢብን ባቱታ እ.ኤ.አ. በ1304 በሞሮኮ በታንጂር ከተማ የተወለደ ሰው ነው። በ1325፣ የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ሳለ፣ ወደ መካ ለመሄድ ከቤቱ ወጣ። ወደ አገሩ የተመለሰው ግን ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ያየውንና የሰማውን ለጸሐፊ አጫውቶ በ1355 መጽሐፍ ሆነለት። የሞሉ አሠራርም ይህን ጉዞ የተከተለ ነው። አንዳሉስ፣ ቱኒዚያ፣ ግብፅ፣ ፋርስ፣ ህንድና ቻይና የተባሉ ስድስት ግቢዎች አሉት። ግቢዎቹ ተከታትለው ስለተሠሩ ሰው ከዳር እስከ ዳር ሲራመድ አገር የሚያቋርጥ ይመስለዋል።

በአንዳሉስ ግቢ በግራናዳው አልሐምብራ ቤተ መንግሥት ያለውን የሚመስል የአንበሶች ምንጭ አለ። በቱኒዚያው ጣሪያው እንደ ሰማይ ስለተቀባ ቀትር ላይ የገባ ሰው የመሸበት ይመስለዋል። በፋርስ ግቢ ሰማያዊ ጌጥ የሞላበት ትልቅ ጉልላት ይታያል፤ ብዙ ሰው ቀና ብሎ እያየ መንገድ ይዘጋል። በህንዱ ግቢ አል-ጀዘሪ የተባለ የጥንት መሐንዲስ በ1206 በመጽሐፉ የገለጸው የዝሆን ሰዓት በትልቁ ተሠርቶ ቆሟል። ዝሆኑ ህንድን ያስታውሳል፤ ዘንዶዎቹ ቻይናን ያስታውሳሉ። በቻይናው ግቢ ደግሞ ትልቅ የእንጨት መርከብ አለ።

ይህ መንገደኛ በእኛም አካባቢ አልፏል። በ1331 ገደማ ዘይላ ወደብ ሲደርስ የገበያውን ትልቅነት አድንቋል፤ ነገር ግን በዓሣውና በየመንገዱ በሚታረደው ግመል ሽታ ተማርሮ ሌሊቱን በመርከብ ላይ አድሯል። ከዚያ ቀጥሎ ሞቃዲሾ ሲደርስ ግን በእንግድነት ተቀበሉት። በቅቤ የበሰለ ሩዝ በትልቅ የእንጨት ገበታ፣ ላዩ ላይ የዶሮ፣ የሥጋ፣ የዓሣና የአትክልት ወጥ፣ በወተት የተቀቀለ ሙዝ፣ ከእርጎ ጋር ደግሞ የሎሚና የዝንጅብል ማጣፈጫ ቀረበለት። ዓመታት አልፈው ታሪኩን ሲያስጽፍ ያንን ገበታ በዝርዝር አልረሳውም። እንግዳን የተቀበለ ሰው ስሙ ቢረሳ እንኳ ማዕዱ አይረሳም።

ትሪው ከየት፣ ጠረጴዛው የጋራ

በሞሉ ውስጥ አስተናጋጅ የሚታዘዝባቸው ምግብ ቤቶች አሉ፤ ፉድ ኮርት የሚባለው የጋራ መመገቢያ አዳራሽም አለ። የግቢው ስምና የምግቡ ዓይነት ሁልጊዜ አይገጣጠምም። ስለዚህ በቻይና ግቢ የቻይና ምግብ ብቻ ይገኛል ብላችሁ አትጠብቁ።

የፉድ ኮርት አሠራር ቀላል ነው። ምግብ ቤቶቹ በዙሪያው ተደርድረዋል፤ መሐሉ ጠረጴዛ ነው። እያንዳንዱ ሰው ወደሚወደው መስኮት ሄዶ ያዝዛል፤ ይከፍላል፤ ትሪውን ይዞ ይመጣል። ባል ከሊባኖሱ፣ ሚስት ከህንዱ፣ ልጆች ከዶሮ ጥብሱ ቤት ወስደው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ከየት አመጣህ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ለሐበሻ ሰው አዲስ የሚመስለው ምግብ ቀረብ ብለው ሲያዩት ዘመድ ሆኖ ይገኛል። የህንዱ ታሊ የእኛን በያይነቱ ይመስላል፦ በአንድ ትሪ ላይ ሩዝ፣ የምስር ወጥ፣ አትክልት፣ እርጎና አቻር በትንንሽ ሳህን ተደርድሮ ይመጣል። ዶሳ የሚባለው ስስ ቂጣ ከሩዝና ከጥራጥሬ ሊጥ የሚጋገር ሲሆን፣ ሊጡ እንደ እንጀራ ሊጥ እስኪቦካ ይቆያል። የመጀመሪያውን ቁራሽ ስትቀምሱ የምታውቁት ኮምጠጥ ያለ ጣዕም ይመጣባችኋል። የህንዱ ሳሞሳና የእኛ ሳምቡሳ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። የግብፆቹ ፉል በአዲስ አበባ ቁርስ ቤቶችም ያደገ ነው። ኮሸሪ የሚሉት ደግሞ ሩዝ፣ ምስርና መኮሮኒ ተደባልቆ፣ የቲማቲም ስጎና የተጠበሰ ሽንኩርት ተጨምሮበት የሚበላ ጥጋብ ያለው ምግብ ነው። የሊባኖሶቹ ሑሙስ ከሽምብራ ይሠራል፤ ሽሮ ላሳደገው ሰው ሽምብራ እንግዳ አይሆንም።

በፋርሱ ጉልላት ሥር ቡና ይጠጣል። ኢብን ባቱታ ዛሬ ቢመጣ ሳይገረም አይቀርም። ቡና መጠጣት በየመን ሱፊዎች ዘንድ በግልጽ የታወቀው ከእርሱ በኋላ፣ በ15ኛው መቶ ዓመት ነው። ተክሉ ደግሞ ከእኛው ከደቡብ ምዕራብ ደኖች የወጣ ነው። በዚያ ጉልላት ሥር የተቀመጠች ኢትዮጵያዊት እንግዳም ብትሆን፣ በፊቷ ያለው ስኒ ግን የአገሯ ልጅ ነው።

የሥጋው ጉዳይ

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንምጣ። በዱባይ ፉድ ኮርቶች የሚቀርበው የበሬ፣ የበግና የዶሮ ሥጋ በእስልምና ሥርዓት የታረደ ሐላል ሥጋ ነው። ይህ ለፊሊፒናዊው ወይም ለእንግሊዛዊው ክርስቲያን የሚያነጋግር ጉዳይ አይደለም። ከእኛ አገር ለሄደ ሰው ግን ቀላል አይደለም። ሥጋ ቤቱ መስቀል ወይም ጨረቃ በሚለጠፍበት፣ የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ተለይቶ በሚበላበት አገር ያደገ ሰው፣ ያ ልማድ ከእናቱ ወጥ ጋር አብሮ ገብቶበታል። ወንጌልን ካመኑት ወገኖች መካከልም ያለ ሐሳብ የሚበላ አለ፤ ኅሊናው የማይፈቅድለትም አለ።

አንድ ባልና ሚስት እናስብ። እርሱ በዱባይ አምስት ዓመት የኖረ፣ እርሷ ደግሞ ትናንት የደረሰች ናት። ሊያስደስታት ብሎ የተጠበሰ በግ ያዝዛል። እርሷ ሳህኑን ታየዋለች፤ እጇን አታነሳም። «ምን ሆንሽ? እዚህ ሁሉም ይበላል!» ይላታል። እርሷም «አልራበኝም» ትላለች። እርሱ የተናቀ ይመስለዋል፤ እርሷም የተገደደች ይመስላታል። ሊያቀራርባቸው የታሰበው ማዕድ አኩርፈው የሚነሱበት ይሆናል።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 8 እና 10፣ ለሮሜም ሰዎች በምዕራፍ 14 የጻፈው ለእንዲህ ያለው ጠረጴዛ ይጠቅማል። በቆሮንቶስ የተነሳው ለጣዖት የተሠዋ ሥጋ ነበር፤ ስለዚህ ጉዳዩ ከዛሬው ጋር አንድ ነው ማለታችን አይደለም፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንንም በዚያ ዓይን ማየት አይገባም። መርሁ ግን ያው ነው። የሚበላው የማይበላውን አይናቅ፤ የማይበላውም የሚበላውን አይፍረድበት። ነጻነት አለኝ የሚል ሰው ነጻነቱን ወንድሙን በማይጎዳበት መንገድ ይጠቀምበት። ወንድምን ለማሰናከል የማይፈቅድ ፍቅር የገዛ ሚስትን በምግብ ጠረጴዛ ላይ ማስገደድ እንዴት ይችላል? እርሷም ብትሆን፣ ባሏ ስለበላ እምነቱ የቀዘቀዘ አድርጋ ማየት የለባትም።

ስፍራው ራሱ መፍትሔ ይዞ ይጠብቃችኋል። በዱባይ ሥጋ ጨርሶ የማይገባባቸው የህንድ ምግብ ቤቶች ብዙ ናቸው። ዓሣ አለ፤ ኮሸሪ አለ፤ ፉል አለ፤ ሑሙስ ከትኩስ ዳቦ ጋር አለ። በጉን የሚፈልግ ከዚያ፣ አትክልት የምትፈልግ ከዚህ ወስደው አንድ ጠረጴዛ ላይ ይገናኛሉ። የምትጾም ኦርቶዶክስ እኅት ወይም ጓደኛ አብራችሁ ካለች ደግሞ አንድ ነገር ጠይቁላት፦ የህንዱ አትክልት ብዙ ጊዜ ቅቤና እርጎ ይገባበታልና «ወተትና ቅቤ የሌለበት» ብላችሁ እዘዙ። ሳትጠይቃችሁ ስትጠይቁላት አክብሮታችሁን ታያለች።

የዕረፍት ቀንና የኪስ ጉዳይ

በሞሉ ጠረጴዛዎች ዙሪያ ከሚታዩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ ሠራተኞች ናቸው። በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን እንዲኖራቸው የአገሩ ሕግ በ2017 ደንግጓል፤ በ2022 የወጣው አዲስ ሕግም ይህንኑ አጽንቷል። ለብዙዎች ያቺ ቀን የአምልኮም፣ የወዳጅም፣ የትዳርም ቀን ናት። በጀበል አሊ የወንጌላውያን፣ የአንግሊካን፣ የካቶሊክና የማር ቶማ ምእመናን የሚሰበሰቡባቸው አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ከሞሉም ብዙ አይርቁም። ከአምልኮ በኋላ አብሮ ቁጭ ብሎ መብላት የተለመደ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ይነሳል። «ለዚህ ምሳ የምናወጣው ለእናቴ ቢላክ አይሻልም?» የሚል ቀና ልብ አለ። ይህን ሐሳብ ማንም አይንቀውም፤ በዚያ ብር የሚማር ልጅ፣ የሚታከም አባት አለ። ሆኖም ሳምንቱን ሙሉ በሁለት ቤት፣ በሁለት ፈረቃ ተለያይተው የከረሙ ባልና ሚስት በወር አንድ ጊዜ እንኳ ፊት ለፊት ካልተቀመጡ፣ የሚላከው ገንዘብ እየደረሰ ትዳሩ ሊራብ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱንም በልክ አድርጉ። የቤተሰቡን ድርሻ አስቀድማችሁ ለዩ፤ ከቀረው ለማዕዳችሁ ቁረጡ። አንድ ታሊ ለሁለት ሊበቃ ይችላል። ከ2018 ጀምሮ በምግብም ላይ አምስት በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፈላል፤ ስለዚህ ዋጋ ስታዩ ታክሱ ተጨምሮበት እንደሆነ ጠይቁ። ስልካችሁን ወደ ቦርሳ መልሱ፤ ጉርሻችሁን ተጓረሱ።

የእንግዳ ጨዋነት

አገሩ የሙስሊም አገር ነው፤ እንግዳ ደግሞ ሥርዓት ያውቃል። ወደ ሞል ስትገቡ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ። ባልና ሚስት በአደባባይ መተቃቀፍና መሳሳም አይለመድም። በረመዳን ቀን ምግብ ቤቶች በመጋረጃ የመከለል ግዴታቸው በ2021 ቢቀርም፣ በሚጾም ሰው ፊት ከምግብ ቤት ውጭ እየበሉ መሄድ ነውር ነው። የማዕድ ጸሎታችሁም ድምፅ አያስፈልገውም፤ ጎንበስ ብሎ ማመስገን ይበቃል። ጠረጴዛውን የምትጠርገዋን ልጅ አመስግኗት፤ እርሷም የሰው ልጅ ናት፤ እርሷም ሩቅ አገር ያለ ቤት ታስተዳድራለች።

ዱባይ ያልሄዳችሁ፣ መሄድም የማታስቡ አንባቢያን፣ ይህ ትምህርት ቪዛ አይጠይቅም። በአገራችን በወሎም ሆነ በሌላ ስፍራ ሠርግ የደገሰ ክርስቲያን ለሙስሊም ጎረቤቱ ለብቻ ያሳርዳል፤ ለጿሚውም የጾም ወጥ ያሰናዳል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም በአንድ ዳስ ሥር ይቀመጣል። ያ ሞል በብዙ ወጪ የሠራውን የጋራ ጠረጴዛ አባቶቻችን በባሕር ዛፍ ዳስ ሠርተውት ነበር። በሚቀጥለው በዓል ዘመድ አዝማድ ሲሰበሰብ ማን ምን እንደማይበላ አስቀድማችሁ ጠይቁና አዘጋጁ። ጌታ ማዕዳችሁን ይባርክ።