ለምነው የማይጠፉ ሰዎች

በእኛ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ሲሰጥ እንጂ ሲጠይቅ አናውቅም። ስድስት ኪሎ የገባን ቀን አልጋና ብርድ ልብስ ተሰጠን፤ ከዚያ በኋላ ቁርስ፣ ምሳና እራት በሰዓቱ ይቀርብልን ነበር። ግቢው ራሱ ስጦታ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለትምህርት ለቀው ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ፣ በዚያው ቤት ውስጥ የታኅሣሥ ግርግር ደም ከፈሰሰ ገና ዓመቱ ነበር። ከዚያም በፊት፣ በ1943 ዓ.ም. በ33 ተማሪዎች ሥራ የጀመረው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ ኢትዮጵያ በ1950 ዓ.ም. አክራ ላይ በተደረገው የነፃ አፍሪካ አገሮች ጉባኤ ለ200 አፍሪካውያን ነፃ የትምህርት ዕድል እሰጣለሁ ብላ ነበር። በኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ሮበርት ኡኮም ዲግሪያቸውን የያዙት እዚሁ አዲስ አበባ ነው። እኛ የዚህ ሁሉ ወራሾች ስለነበርን፣ መስጠት የዩኒቨርሲቲ ተፈጥሮ ይመስለን ነበር።

የሚጠይቁት ሰዎች ከእኛ በጣም ርቀው፣ ከፍ ባለ ቦታ ነበሩ። የሕግ ፋኩልቲው በፎርድ ፋውንዴሽን እርዳታ ቆመ፤ በኬኔዲ ስም የተሰየመው ቤተ መጻሕፍት በአሜሪካ እርዳታ ተሠራ፤ የሕንፃ ኮሌጁን ስዊድኖች አገዙ። ደብዳቤው ከየትኛው ቢሮ እንደወጣ፣ ማን ከማን ጋር እንደተነጋገረ ተማሪው የሚያውቀው ነገር አልነበረም። እኛ የምናየው የተጠናቀቀውን ሕንፃ ነው።

በቅርብ ያየኋቸው የመጀመሪያዎቹ ጠያቂዎች በዚያው ቤተ መንግሥት ውስጥ ከኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ጎን የቆሙት የወዳጆች ማኅበር ሰዎች ናቸው። ተቋሙን በዳይሬክተርነት የመሠረቱት ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ፤ ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን ያደራጁት ደግሞ ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ። ለፓንክረስት ለኢትዮጵያ ገንዘብ ማሰባሰብ ከእናት የተወረሰ ነገር ነው፤ እናታቸው ሲልቪያ ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል እንግሊዝ አገር ስንት ደጅ አንኳኩተዋል። የወዳጆቹ ማኅበር በአባልነት መዋጮና በሚያዘጋጃቸው ዝግጅቶች ካገኘው ገንዘብ ላይ እየቆጠበ ለሙዚየሙ ቅርስ ይገዛ ነበር። በነጋዴ እጅ ከአገር ሊወጣ የነበረ ሥዕል ወይም የብራና መጽሐፍ ሲገዛ፣ ያዋጣው ሰው ራሱ ሙዚየም ገብቶ ያየዋል። አምስት ብር የሰጠ ሰው አምስት ብሩ የት እንደደረሰ በዓይኑ አይቶ ይወጣል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ዛሬ ስለ መስጠትና ስለ ማሰባሰብ የማስበው ሁሉ የሚነሣው ከዚያ ነው።

ከዚያ 1965 ዓ.ም. መጣ። የወሎ ረሃብ በመንግሥት ዘንድ የማይነሣ ወሬ በነበረበት ወቅት፣ ከመምህራን አንዳንዶቹ እስከ ወሎ ድረስ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ግቢ ውስጥ አሳዩ። ፎቶግራፎቹን ያየ ተማሪ እንደ ድሮው ምግብ ቤት ገብቶ ዳቦ ማንሣት አቃተው። ቁርሳችን ይቅርና ገንዘቡ ለወሎ ይሂድ ተባለ፤ ቀረም። ስለ ረሃቡ የተሠራው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም እንግሊዝ አገር የታየው ጥቅምት 1966 ዓ.ም. ነው። የእኛ ቁርስ የቀረው ከዚያ በፊት ነው።

ይህን ሲያስተባብሩ የነበሩት ቢሮም ማኅተምም የሌላቸው ተማሪዎች ነበሩ። በእኛ ሕንፃ አንድ የሁለተኛ ዓመት ልጅ ነበር፤ ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ። ባለ ካሬ ደብተር ይዞ ከክፍል ክፍል ይዞራል። በገጹ ግራ በኩል ስም፣ መሐል የአልጋ ቁጥር፣ በቀኝ ፊርማ። አልፈርምም ያለውን አይከራከርም፤ በስሙ ትይዩ ሰረዝ ብቻ አስምሮ ደኅና ሁን ብሎ ይወጣል። የጨጓራ ሕመም ያለበትን ልጅ ግን ፊርማውን አልቀበልህም አለው፤ «አንተ ብላ፤ ስለ አንተ እኔ እፈርማለሁ» ብሎ በዚያ መስመር ላይ የራሱን ስም ጻፈ። ደግሞም በየጥቂት ቀኑ ምግብ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ምን ያህል እንደተሰበሰበና ለማን እንደተሰጠ ይነግረናል። ረሃብ ላይ ሆነን ቆመን እናዳምጠዋለን። ማንም ስብሰባ አልጠራንም፤ ግን ሳይሰማ የሚያልፍ አልነበረም።

ያ ልጅ ከቀይ ሽብር አልተረፈም። ከእነዚያ አስተባባሪዎች ብዙዎቹ አልተረፉም። ዩኒቨርሲቲው ስሙ ተለወጠ፣ እኛም ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወጥተን ከዚያ በየአቅጣጫው ተበተንን፤ ከፊሉ ሱዳን አቋርጦ ዋሽንግተንና ስቶክሆልም ደረሰ፣ ከፊሉ መሥሪያ ቤት ገብቶ አንገቱን ደፋ። ያስተማረን ግቢ ለረጅም ዘመን ምንም አልጠየቀንም፤ እኛም ምንም አልላክንለትም።

እንደገና የተሰባሰብነው ጡረታ ሲቃረብ ነው። ከክፍለ ሀገር የሚመጡ፣ የሚረዳቸው የሌላቸው ሴት ተማሪዎች ለኮፒና ለንጽሕና መጠበቂያ እንኳ አጥተው ትምህርት እንደሚያቋርጡ ሰማን፤ በዓመት የተወሰኑትን እንርዳ አልን። ገንዘብ ያዥ ያደረግናት ባንክ ቤት ሠርታ በጡረታ የወጣች የክፍላችን ልጅ ነበረች። ቤተሰቧን ሳላስፈቅድ ስሟን አልጽፍም፤ ያገኛት ሁሉ ግን ያውቃታል። እንደ እድር ገንዘብ ያዥ ነበረች፦ የማን ቤት ሐዘን እንዳለ፣ ማን ሥራ እንደለቀቀ፣ የማን ልጅ እንደተዳረ ሳታውቅ ስልክ አታነሣም። ባለቤቷ የሞተባትን ጓደኛችንን ለዓመት ያህል ስለ መዋጮ አንድም ቀን አላነሣችባትም፤ የምትደውልላት ለመጠየቅ ብቻ ነበር። ለእኔ ደግሞ አንድ ጊዜ፣ «አንተ ዘንድሮ ልጅ ድረሃል፤ ለከርሞ እጥፍ ታመጣለህ» አለችኝ። በዓመቱ እጥፍ አመጣሁ። እምቢ ማለት የሚቻል አይመስልም ነበር፤ ምክንያቱም የጠየቀችኝ የምችለውን ነው።

በዓመት አንድ ጊዜ ሒሳብ ታነባለች። ለፎቶ ኮፒ፣ ለፖስታ፣ ለታክሲ የወጣው ሳይቀር፣ ቀስ ብላ፣ መነጽሯን እያስተካከለች። አንዳንዶቻችን ሰዓት እናያለን፤ እሷ ግን ከመስመር መስመር አትዘልም። ከዚያ የልጆቹን ውጤት ትነግረናለች፦ አንዷ በማዕረግ አለፈች፣ አንዷ አንድ ኮርስ ደገመች፣ አንዷ ታማ አገሯ ገባች። የማን እንደሆነ ግን አትናገርም። አንድ ወዳጃችን ያስተማራትን ልጅ ስም ንገሪኝ ብሎ ቢለምናት፣ «ስሟ ምን ያደርግልሃል? ውጤቷን ነግሬሃለሁ» ብላ ዘጋችው። ሰጪው ማወቅ የሚገባውንና ተቀባይዋ መሸፈን የሚገባትን ለይታ የምታውቅ ሰው ነበረች። ይህን የሚያስተምር ትምህርት ቤት ካለ ደስ ይለኛል፤ እኔ ያየሁት ግን እሷ ዘንድ ነው።

እሷ ካረፈች በኋላ እኛም ደክመን፣ ነገሩ ወደ ትላልቅ መድረኮች ሄደ። አሁን አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ስሙን አልጠራም፣ ገቢ ማሰባሰቢያ ሲያዘጋጅ ትልቅ ሆቴል ነው። ባነር፣ የክብር እንግዳ፣ ባንድ፣ መድረክ መሪ። በፍሬም የገባ ሥዕል ለጨረታ ይቀርባል፤ የቴሌብር ቁጥር በስክሪን ላይ ይበራል። «ቃል ይግቡ!» ይባላል፤ ሰው እጁን ያነሣል፣ ድምሩ ሚሊዮን ሲያልፍ አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። እኔም ቃል ገባሁ፤ አጠገቤ የተቀመጠ ጓደኛዬም ከእኔ የበለጠ ቃል ገባ። ሁለት ወር ጠበቅን፣ የደወለ የለም። እኔ ራሴ ሄጄ ከፈልኩ፤ ያስተባበረው ወጣት ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሮ፣ የቃል ገቢዎች ዝርዝር በእሱ ፍላሽ ላይ ነበር ተባልኩ። ጓደኛዬ እስኪደወልለት እየጠበቀ ዓመቱ አለቀ። የሚቀጥለው ዓመት የመጥሪያ ካርድ ግን በጊዜው ደረሰኝ፤ ያልሆንኩትን ዶክተር አድርጎ።

ወጣቶቹን አልወቅስም። የሚመዘኑት በዚያ ምሽት በተጠራው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ገንዘብ ሆኖ ባንክ ገባ አልገባ፣ ሰጪው በዓመቱ ተመልሶ መጣ ቀረ ብሎ የሚጠይቃቸው አላየሁም። ሌላ አገር ይህን ሥራ ወደ ቀድሞ ተማሪው ራሱ ነው ያወረዱት። ዬል እ.ኤ.አ. በ1890 የምሩቃን ፈንዱን ሲመሠርት የየምረቃ ዓመቱ ተጠሪ የክፍል ጓደኞቹን ራሱ እንዲጠይቅ አደረገ፤ የሚጠይቅህ አብሮህ የተማረ ሰው ነው። ሐርቫርድ እ.ኤ.አ. በ1643 ለድሃ ተማሪዎች 100 ፓውንድ የሰጠችውን እንግሊዛዊት አን ራድክሊፍን ከ250 ዓመት በኋላ አስታውሶ የሴቶች ኮሌጁን በቤተሰቧ ስም ሰየመው። እኛ የአምናን ስም ለዘንድሮ ጠብቀን ማሳለፍ የሚያቅተን ለምንድን ነው?

የዛሬው ጥያቄ ደግሞ ከእኛ ጊዜው ይከብዳል። በ2015 ዓ.ም. የራስ ገዝ አዋጅ ወጥቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል፤ ሌሎቹም በየተራቸው ሊከተሉ ነው። ራስ ገዝ ማለት ከመንግሥት ካዝና ሌላ የራስን ገቢ መፈለግ፣ ቋሚ ፈንድ ማቋቋም፣ የቀድሞ ተማሪን ደጅ መምታት ነው። የማን ደጅ? ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የገባው ተማሪ በወጪ መጋራት ስንት እንደሚከፍል ፈርሞ ነው የተመረቀው። ዕዳውን ከደመወዙ እየከፈለ ያለን የሠላሳ ዓመት ወጣት ሠራተኛ «ያስተማረህን ዩኒቨርሲቲ አስብ» ብሎ መጠየቅ፣ በነፃ በልተን፣ በነፃ ተኝተን፣ በነፃ የተማርነውን እኛን ከመጠየቅ ጋር አንድ አይደለም። በመጀመሪያ መጠየቅ ያለብን እኛ ነን፤ ጠበቅ አድርጎ፣ ደጋግሞ። ዕድሜያችን እያለቀ ስለሆነ ቶሎ ቢሉ ደግሞ ይሻላል።

ባለፈው ዓመት አንዲት ወጣት ሠራተኛ ከአንድ የዩኒቨርሲቲ ሀብት ማሰባሰቢያ ክፍል ቤቴ ድረስ መጣች። ሁለት ሰዓት ያህል የጠየቀችኝ ስለ ገንዘብ አልነበረም፤ እነማን እንዳለን፣ ማን የት እንዳለ፣ ድሮ እንዴት እናዋጣ እንደነበር ነው። ስለ ገንዘብ ያዣችን ነገርኳት። «ጋሼ፣ ደብተራቸው ይኖር ይሆን?» አለች። ለሟቿ ልጅ ደወልን፤ ነበረ። ባለ ጠንካራ ሽፋን ሁለት መዝገብ፣ የደረሰኝ ቅሪቱ በላስቲክ ታስሮ። ወጣቷ ሠራተኛ ገጽ በገጽ በስልኳ ፎቶ እያነሣች ስሞቹን ለብቻ ጻፈች፤ ያረፉትን ከእኔ ጠይቃ ለየች።

ከዚያ መደወል ጀመረች። ከደወለችላቸው አንዱ ዋሽንግተን ያለ ጓደኛችን ነው፤ ገና ራሷን ስታስተዋውቅ፣ «በመጀመሪያ ያኔ የላክሁት ምን እንዳደረገ ንገሪኝ» አላት። አላወቀችም፤ አጣርቼ እደውላለሁ ብላ ዘጋች። መዝገቡን ከሬጅስትራር ፋይል ጋር እያመሳከረች ሳምንት ፈጀባት። መልሳ ደውላ፣ በእሱ መዋጮ የተረዳችው ተማሪ ተመርቃ ዛሬ በአንድ ጤና ጣቢያ እንደምትሠራ ነገረችው፤ ስሟን ሳትጠራ። ስለ ዘንድሮው የጠየቀችው ከዚያ በኋላ ነው።