ሐይቅና አምባሰል፦ ጫቱን ትቶ ሰዉን ላለመተው

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ሐይቅ ከተማ ይደርሳሉ። ለከተማዋ ስሟን የሰጣት ውኃ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር ያልፋል። ለቤተሰብ የሚመች ቦታ ነው። ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገቡት ግን ወንዶች ብቻ ስለሆኑ፣ ሴቶቹ የሚቆዩበትን አስቀድመው ያስቡ።

እኛ የሄድነው ከአጎቴ ልጅ ጋር ነበር። ጫትና መጠጥ ካቆመ ስምንት ወሩ ነው። ታሪኩን ብዙ የከተማ ቤተሰብ ያውቀዋል፦ ቀን ምርቃና፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ። «ወሎ ልሂድ» ሲል እናቱ ደነገጠች። አልፈርድባትም። በወሎ ወዳጃ በሚባለው የዱዓ ስብስብ ላይ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቡናው ይፈላል፣ ጫቱ ይቀርባል፤ ለታመመው ይለመናል፣ ሁሉም ይመራረቃል። እንዲህ ባለ አገር ጫት የሚተው ሰው አብረውት የሚቀመጡትንም የሚተው ይመስለዋል። በከተማው በርጫ ቤትም ያው ነው። ሐራራው እየቆየ ይበርዳል፤ ከምሳ በኋላ የሚሄዱበት ቤት ማጣቱ ግን ይብሳል። (በነገራችን ላይ፣ በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም መንቀጥቀጥ፣ አልፎም ራስን ስቶ መውደቅ ሊያጋጥመው ስለሚችል፣ ጠበል የሚሄድም ቢሆን መጀመሪያ ሐኪም ይየው።)

ገዳሙ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ነው። የአጎቴ ልጅ ገብቶ ሲመለስ ያወራልን ግን ስለ ታሪኩ አልነበረም። «እዚያ ሥራ የሌለው ሰው የለም» አለ፤ አንዱ ውኃ ይቀዳል፣ አንዱ እንጨት ይፈልጣል።

ይህን ሲል አንድ የሩቅ አገር ታሪክ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1935 ቢል ዊልሰን የተባለ መጠጥ ያቆመ አሜሪካዊ፣ አክሮን በምትባል ከተማ ጉዳዩ ከሽፎበት ሆቴል ውስጥ ብቻውን ቀረ። ቡና ቤቱ እዚያው ነው። ከመግባት ይልቅ ስልክ አነሳና ሌላ ጠጪ የሚያገናኘው ሰው መፈለግ ያዘ። ያገኘው ቦብ ስሚዝ የተባለ ሐኪም ነበር። ከሁለቱ ጨዋታ ነው «አልኮሆሊክስ አኖኒመስ» የተባለው ማኅበር የተወለደው። ዊልሰን የፈለገው የሚረዳውን ሰው ሳይሆን እሱ የሚረዳውን ነበር።

ከሐይቅ ወደ ሰሜን መንገዱ ወደ አምባሰል ይዘልቃል፤ የአንዱ ቅኝታችን ስም የሆነው አገር ነው። ውሉ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመባት ውጫሌ እዚህ ናት፤ መስከረም 21 ምዕመናን የሚጎርፉባት፣ በመስቀል ቅርጽ አምባ ላይ ያለችው ግሸን ማርያምም እንዲሁ።

እኛን ያቆመን ግን ቀብር ነው። ወሎ ውስጥ እድሩ ቅሬ ይባላል። በብዙ ቦታ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ሬሳ ይሸከማል፣ መቃብር ይቆፍራል፣ የታመመውንም በቃሬዛ ወደ ሐኪም ያደርሳል። የቀረ ይቀጣል። ቅጣቱን ድሮ እንደ ጭካኔ አየው ነበር፤ አሁን ግን ለአንድ ሰው «ካልመጣህ ይጎድላል» ማለት መስሎ ይታየኛል። ቅሬ ማን ይቅማል፣ ማን ትቷል ብሎ አይጠይቅም፤ የሚፈልገው ትከሻ ነው።

መኪናውን ዳር አቁመን ወረድን። ሰዎቹ ቃሬዛውን እየተቀባበሉ ዳገቱን ይወጣሉ። የአጎቴ ልጅ ማንንም ሳይጠይቅ ገባና ትከሻውን ሰጠ። አንድ ሽማግሌ «ተባረክ ልጄ፣ የማን ልጅ ነህ?» አሉት። «እንግዳ ነኝ አባባ» አለ። «ሬሳ የተሸከመ እንግዳ አይባልም» ብለው ወደፊት አሳለፉት።

አዲስ አበባ እንደተመለስን የሰፈራችን እድር ድንኳን ከሚተክሉት ጋር ተመዘገበ። ወንበር ያወርዳል፣ እሑድ ከሰዓት የታመሙ አባላትን ይጠይቃል። ሁለት ጊዜ ስልክ አላነሳ ብሎ አስጨንቆናል፤ ሁለቱንም ጊዜ ፈልገው ቤቱ የሄዱት የድንኳን ጓደኞቹ ናቸው። እናቱ «ደግሞ ለቅሶ ወደደልኝ» እያለች ትስቃለች።